በእጅ የሚሠራ ፒያኖ፦ የአነስተኛ ወርክሾፖች አጠቃላይ ዳሰሳ

በእጅ ፒያኖ የሚሠራ አነስተኛ ወርክሾፕ፣ ጥቂት ባለሙያዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው አንድን መሣሪያ ከእንጨት መረጣ እስከ መጨረሻው ቅኝት የሚያደርሱበት የሥራ ቤት ነው። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፒያኖዎችን ሲያወጡ፣ እነዚህ ወርክሾፖች የሚያወጡት በጣት ከሚቆጠር አንሥቶ ቢበዛ መቶ ወይም ከመቶ ጥቂት ከፍ የሚል ነው። በቁጥር ብቻ ከተመዘኑ በዓለም ምርት ውስጥ ቦታ የላቸውም ማለት ይቻላል። ሆኖም ፒያኖ ራሱ የተፈለሰፈው እንዲህ ባለ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ክሮቹ እንዴት ይዘርጉ፣ ቁልፎቹ ስንት ይሁኑ፣ የክሮቹን ርግብግብታ ተቀብሎ የሚያጎላው የድምፅ ሰሌዳ ከምን ይሠራ የሚሉት ጥያቄዎች ዛሬም በድፍረት የሚነሡት እዚያው ነው። ፋብሪካው መልሱን ከመቶ ዓመት በፊት አግኝቶ አርፏል።

ይህ ዳሰሳ ይበልጥ የሚያተኩረው በአውሮፓ ላይ ነው፤ ሰነዱም መሣሪያውም በብዛት ተጠብቆ የሚገኘው እዚያ ነውና። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፍሎረንሱ ወርክሾፕ

ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ በ1655 በፓዶቫ ተወለደ። በ1688 ገደማ የቶስካናው ልዑል ፈርዲናንዶ ደ ሜዲቺ ወደ ፍሎረንስ አስመጣውና የቤተ መንግሥቱን የሙዚቃ መሣሪያዎች እንዲጠብቅ፣ እንዲጠግንና አዳዲስ እንዲሠራ ቀጠረው። በዘመኑ ቁልፍ ካላቸው ባለ ክር መሣሪያዎች ሁለቱ ገነው ነበር። ሃርፕሲኮርድ ክሩን በላባ ጫፍ እየነካካ የሚያስጮኽ ስለሆነ ተጫዋቹ ቁልፉን ቢዳብሰውም ቢደበድበውም የድምፁ መጠን ያው ነው። ክላቪኮርድ ለጣት ይታዘዛል፤ ድምፁ ግን ከአንድ ክፍል አያልፍም። ክሪስቶፎሪ ሁለቱንም ጉድለቶች በአንድ ጊዜ የሚያስወግድ መሣሪያ ፈለገ፤ መፍትሔ ያደረገውም ክሩን በመዶሻ መምታትን ነው።

ሲሉት ቀላል ይመስላል። መዶሻው ክሩን መትቶ እዚያው ከቀረ ግን ያወጣውን ድምፅ መልሶ ያፍነዋል። ስለዚህ ቁልፉ ገና እንደተጫነ ሳለ መዶሻው ከሚገፋው አካል ተላቅቆ፣ የመጨረሻዋን ርቀት በራሱ ፍጥነት ተወርውሮ፣ መትቶ መመለስ ይኖርበታል። ሲመለስም ነጥሮ ሁለተኛ እንዳይመታ የሚቀበለው ነገር ያሻል። ጣት ከቁልፉ ሲነሣ ደግሞ ክሩን ዝም የሚያሰኝ ማፈኛ መውረድ አለበት። ክሪስቶፎሪ እነዚህን ሁሉ ፈታቸው፤ መልቀቂያውን፣ መቀበያውን፣ ማፈኛውን፣ የመዶሻውን ፍጥነት የሚያበዛውን መካከለኛ ማንሻ ሳይቀር። ዛሬ የትኛውም ግራንድ ፒያኖ (ክሮቹ አግድም የተዘረጉበት ትልቁ ዓይነት) ቢከፈት እነዚህ አካላት በተሻሻለ ቅርጽ ይገኙበታል።

የአሠራሩ ዝርዝርም የእጅ ባለሙያን ብልሃት ያሳያል። የመዶሻዎቹን ራስ የሠራው ወረቀት ጠቅልሎ፣ በኮላ አጣብቆ፣ ላዩን ቆዳ አልብሶ ነው። የድምፅ ሰሌዳውን ከሳይፕረስ እንጨት አዘጋጅቶ፣ የክሮቹን ውጥረት ከሚሸከመው የውጭ ሣጥን ነጥሎ በራሱ ውስጠኛ ድጋፍ ላይ አሳረፈው። የውጩ ሣጥን በውጥረት ቢጎብጥ እንኳ ሰሌዳው አብሮ አይጎብጥም።

በ1700 የተዘጋጀው የሜዲቺ ቤት የመሣሪያዎች ዝርዝር፣ ለስላሳም ብርቱም ድምፅ የሚያወጣ አዲስ መሣሪያ ከክሪስቶፎሪ እጅ መውጣቱን መዝግቧል። በ1711 ሺፒዮኔ ማፌይ የተባለ ጸሐፊ ስለዚሁ መሣሪያ የመምቻ ስልቱን ንድፍ ጨምሮ ሰፊ ጽሑፍ አሳተመ። ክሪስቶፎሪ በ1731 አረፈ። ከወርክሾፑ የወጡ ሦስት ፒያኖዎች እስከ ዛሬ አሉ፤ በ1720 የተሠራው በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ የ1722ቱ በሮም፣ የ1726ቱ በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ።

የፈጠራው ባለቤትነት ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። በፈረንሳይ ዣን ማሪየስ በ1716 ክሩን በመዶሻ የሚመቱ መሣሪያዎችን ንድፍ አቅርቦ ነበር። በጀርመን ደግሞ ክሪስቶፍ ጎትሊብ ሽሮተር ሐሳቡ የመነጨው ከእኔ ነው ሲል ተሟግቷል፤ የሚያምነውም አላጣም። ክርክሩ ግን ከ1700ው ዝርዝር ፊት የሚቆም አይደለም።

ከወርክሾፕ ወደ ፋብሪካ

የማፌይ ጽሑፍ በ1725 በጀርመንኛ ታተመ። በሳክሶኒ ምድር፣ በፍራይበርግ ከተማ ይኖር የነበረው ስመ ጥር የኦርጋን ሠሪ ጎትፍሪድ ዚልበርማንም ፒያኖ ወደ መሥራት ገባ። ዮሐን ሴባስቲያን ባህ ከመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች አንዱን ሞክሮ ከፍተኞቹ ድምፆች ደካሞች፣ ቁልፎቹም ከባድ ናቸው ብሎ እንደተቸ ይነገራል። ዚልበርማን ትችቱ ቢያንገበግበውም ለዓመታት ሲያሻሽል ቆየ። በ1747 ባህ በፖትስዳም በፕሩሲያው ንጉሥ በታላቁ ፍሬድሪክ ቤተ መንግሥት የዚልበርማንን ፒያኖዎች ተጫወተ፤ በ1749 ደግሞ ከእነዚሁ ፒያኖዎች አንዱን ራሱ አሻሽጧል። ተቺ ሆኖ የጀመረ ሰው ሻጭ ሆኖ መጨረሱ ከየትኛውም የምስክር ወረቀት ይበልጣል።

በአውግስቡርግ ይሠራ የነበረው ዮሐን አንድሬአስ ሽታይን ስለ ሥራው ሕያው ምስክርነት የተጻፈለት ሰው ነው። ሞዛርት በጥቅምት 1777 ለአባቱ በላከው ደብዳቤ እንደሚተርከው፣ ሽታይን የድምፅ ሰሌዳውን ካዘጋጀ በኋላ ለዝናብ፣ ለበረዶና ለፀሐይ ሐሩር ያጋልጠዋል። ይህን የሚያደርገው ሆነ ብሎ እንዲሰነጠቅ ነው። ከተሰነጠቀ በኋላ ክፍተቱን በቁራጭ እንጨት ደፍኖ በኮላ ያጣብቀዋል፤ መሰንጠቅ ያለበት ቦታ አስቀድሞ ከተሰነጠቀ ሰሌዳው ከዚያ በኋላ ይጠነክራል የሚል እምነት ነበረው። የዛሬ ሠሪ ያንኑ ጭንቀት የሚያስታግሠው ሙቀትና እርጥበቱን በሚቆጣጠር ክፍል ነው።

የሽታይን ልጅ ናኔት በ1769 ተወለደች። ሙያውን ከአባቷ ተማረች፤ አባቷ ከሞተ በኋላም በ1794 ወርክሾፑን ይዛ ወደ ቪየና ተዛወረች። በመጀመሪያ ከወንድሟ ጋር፣ ከ1802 ጀምሮ ደግሞ በራሷ ስም ሠራች። ባሏ አንድሬአስ ሽትራይኸር ሙዚቀኛ ነበር፤ ደብዳቤውንና ደንበኛውን እርሱ ሲይዝ ሥራውን የምትመራው እርሷ ነበረች። ቤትሆቨን የቤተሰቡ ወዳጅ ነበር፤ ለፒያኖዎቿ ያለውን አድናቆትም አልደበቀም። የፒያኖ ታሪክ ሲተረክ የወንዶች ስም ብቻ የሚደረደርበት ልማድ ስላለ ይህችን ባለሙያ ጠበቅ አድርጎ ማስታወስ ተገቢ ነው።

የቪየና ፒያኖዎች ቀለል ያሉ፣ ለጣት ፈጣን፣ ድምፃቸውም ጥርት ያለ ነበር። የለንደኖቹ ከበድ ያሉና ድምፃቸው የሚያስተጋባ ነበር። በለንደን ዮሐንስ ዙምፐ በ1760ዎቹ አራት ማዕዘን ቅርጽ ያለው አነስተኛ ፒያኖ ሠርቶ መሣሪያውን ወደ መካከለኛው መደብ ቤት አስገባ። የብሮድዉድ ቤት ደግሞ ለቤትሆቨን በ1817 መገባደጃ አንድ ፒያኖ በስጦታ ላከለት፤ ከዚያ በኋላ በፒያኒስቱና በሙዚቃ ደራሲው ፍራንዝ ሊስት እጅ የቆየው ይህ መሣሪያ ዛሬ በቡዳፔስት የሃንጋሪ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል።

ቀጥለው የመጡት ለውጦች ፒያኖን ከአናጢ እጅ ወደ ብረት አቅላጭ ያሸጋገሩ ናቸው። ሴባስቲያን ኤራር በ1821 ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ሳይነሣ ድምፁን ደግሞ መምታት የሚያስችል ስልት በፓተንት አስመዘገበ። የቦስተኑ አልፊየስ ባብኮክ በ1825 አንድ ወጥ የሆነ የብረት ክፈፍ አስተዋወቀ። በፓሪስ አንሪ ፓፕ በ1826 የመዶሻውን ቆዳ በታመቀ ሱፍ ተካ። በ1859 የስታይንዌይ ቤት ረጃጅሞቹን የወፍራም ድምፅ ክሮች ከሌሎቹ በላይ አሻግሮ መዘርጋትን ለግራንድ ፒያኖ በፓተንት አስጠበቀ። ስታይንዌይ በኒው ዮርክ፣ ቤሽታይን በበርሊን፣ ብሉትነር በላይፕሲግ ሦስቱም የተመሠረቱት በአንድ ዓመት፣ በ1853 ነው። በ1909 በአሜሪካ ብቻ ከ360,000 በላይ ፒያኖዎች ተሠሩ። ግራሞፎን፣ ሬዲዮ፣ የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀትና ሁለት የዓለም ጦርነቶች ከዚህ ኢንዱስትሪ አብዛኛውን ጠራርገው ወሰዱት።

ሥራው ደረጃ በደረጃ

ሁሉም የሚጀምረው ከስፕሩስ እንጨት ነው። በቀዝቃዛ ተራራማ ቦታ በዝግታ ያደገ፣ የዕድገት ቀለበቶቹ የተቀራረቡና እኩል የሆኑ፣ ቁጥርጥር የሌለው ግንድ ይመረጣል። ይህ እንጨት ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ግትር ነው፤ ድምፅ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ሲጓዝበት በአየር ውስጥ ከሚጓዘው ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ይፈጥናል። ግንዱ ቀለበቶቹ ለጣውላው ገጽ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ሆኖ ይሰነጠቃል። ከዚያ ተደርድሮ፣ በየመሀሉ አየር እንዲያልፍ ቀጫጭን ርብራብ ገብቶለት፣ ለዓመታት ይደርቃል።

የድምፅ ሰሌዳው የሚሠራው ጠባብ ጣውላዎችን ጎን ለጎን በኮላ በማጣበቅ ነው። ከዚያ በመላጊያ ይላጋል፤ መሀሉ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ሲኖረው ወደ ዳሩ እየሳሳ ይሄዳል። ላጊው በየጥቂቱ ቆም እያለ ሰሌዳውን በጣቱ ኳ ኳ ያደርገዋል። መለኪያ መሣሪያ በእጁ አለ፤ የመጨረሻው ዳኛ ግን ጆሮው ነው። በመቀጠል ሰሌዳው በሞቃት ክፍል ውስጥ ከተለመደው በላይ ይደርቅና በሥሩ የጎድን አጥንት የሚመስሉ ርብራቦች ይጣበቁበታል። ከሞቃቱ ክፍል ሲወጣ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ እንጨቱ በወርዱ መስፋት ሲፈልግ ርብራቦቹ አንቀው ይይዙታል፤ በዚህ የተነሣ ሰሌዳው ወደ ላይ በስሱ ይጎብጣል። ጉብጠቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ባለሙያው ከዳር እስከ ዳር በሥሩ ክር ወጥሮ በክሩና በእንጨቱ መካከል ያለውን ክፍተት በማየት ያረጋግጠዋል። ይህ ጉብጠት ከሌለ ሰሌዳው የክሮቹን ጫና መቋቋም ይሳነዋል፤ የፒያኖው ድምፅም ይሞታል።

በሰሌዳው ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ብርኩማ ይጣበቃል። ብዙውን ጊዜ ከሜፕል ወይም ከቢች ይሠራል። እያንዳንዱ ክር በሁለት ትንንሽ ችንካሮች መካከል ተጣሞ ያልፍበታል። በየችንካሩ ፊት ያለው እንጨት በመሮ ይፈለፈላል፤ የመሮው ቁርጥ የችንካሩን መሀል ሳያልፍና ሳያንስ ልክ እዚያው ማለቅ አለበት። ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሳሳት የክሩ የሚርገበገብ ርዝመት የት እንደሚያበቃ ግልጽነቱን ያጣል፤ ድምፁም ይንዘፈዘፋል። ይህ ቁርጥ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ይደገማል፤ አንዱ ቢበላሽ ብርኩማውን ሁሉ መጣል ሊያስከትል ይችላል። በወርክሾፕ ውስጥ መሮ የሚያነሣው ሰው ማን እንደሆነ በማየት ብቻ አንጋፋውን መለየት ይቻላል።

የጎን ግድግዳው አሠራር ከቤት ቤት ይለያያል። ብዙዎቹ ስስ የሜፕል ወይም የቢች ሳንቃዎችን በኮላ ነክረው፣ ደራርበው፣ በአንድ ጊዜ በቅርጽ ማውጫ ዙሪያ አጥፈው በሞርሳ ያስሩታል። የስታይንዌይ ትልቁ የኮንሰርት ፒያኖ እስከ 18 ድርብ ይደርሳል፤ ይህን ስልት ቤቱ በ1880 በፓተንት አስመዝግቦታል። የቪየናው ቦዘንዶርፈር በበኩሉ የጎኑንም እንጨት ከስፕሩስ ይሠራና እርሱም ከድምፅ ሰሌዳው ጋር አብሮ እንዲርገበገብ ያደርጋል። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር መቼም የሚያልቅ አይመስልም።

የብረት ክፈፉ ከማቅለጫ ቤት መጥቶ ይበሳል፣ ይሞረዳል፣ ይቀባል። ሥራው ከባድ ነው፤ የሁሉም ክሮች ውጥረት ተደምሮ በትልቅ የኮንሰርት ፒያኖ ላይ ወደ 20 ቶን ይጠጋል። ክሮቹ ወደ 230 ገደማ ናቸው። ወፍራሞቹ ድምፆች አንድ አንድ፣ ቀጥለው ሁለት ሁለት፣ የተቀሩት ሦስት ሦስት ክር አላቸው። ለወፍራሞቹ ድምፆች የብረቱ ሽቦ በሚሽከረከር መሣሪያ ላይ ተወጥሮ መዳብ ይጠመጠምበታል። ጠምጣሚው መዳቡን በጓንት ባጠለቀ እጁ ይመራዋል፤ እጁ ከላላ ክሩ ሲመታ ይንኮሻኮሻል፣ ከጠበቀ ደግሞ መዳቡ ይበጠሳል።

ቁልፎቹ ከስፕሩስ ወይም ከሊንደን እንጨት ይቆረጣሉ፤ ከአንድ ሰፊ ሳንቃ ስለሚወጡ የአንዱ ቁልፍ የእንጨት መስመር ከጎረቤቱ ጋር ይገጥማል። ቀድሞ በዝሆን ጥርስ ይለበጡ ነበር። በ1989 የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እንዲታገድ ከተወሰነ ወዲህ ሰው ሠራሽ ልባጥ ቦታውን ይዟል። ቁልፉ አሥር ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ እርሱን ለማውረድ የሚያስፈልገው ክብደት 50 ግራም አካባቢ ሲሆን በየቁልፉ ውስጥ በሚቀበር የእርሳስ ብረት ይስተካከላል። መዶሻው ከክሩ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ከገፊው ይላቀቃል። ይህ ሁሉ በ88 ቁልፎች ላይ፣ አንድ በአንድ፣ በመፍቻና በወረቀት ስስ ማስተካከያ ይከናወናል።

ቅኝትና ድምፅ መግራት

ቅኝት የሚጀምረው በሰከንድ 440 ጊዜ ከሚርገበገበው ላ ከተባለው ድምፅ ነው። ከዚያ አሥራ ሁለቱ ድምፆች በእኩል ርቀት ይደለደላሉ። ድልድሉ እኩል እንዲሆን እያንዳንዱ አምስተኛ (ሰባት ግማሽ ድምፅ የሚራራቁ ሁለት ድምፆች ርቀት) ከንጹሑ ልክ በጥቂቱ ይጠብባል፤ ቃኚው የሚያዳምጠውም ሁለት ድምፆች ሲጋጩ የሚፈጥሩትን ዘገምተኛ ማዕበል ነው። በዚህ ላይ የብረት ሽቦ ግትርነት ሌላ ጣጣ ያመጣል። ግትር ክር ከመሠረታዊ ድምፁ በላይ የሚያወጣቸው ንዑሳን ድምፆች ከሒሳቡ ትንሽ ከፍ ይላሉ፤ ስለዚህ ኦክታቮቹን (አንድ ድምፅ ከፍ ብሎ እስኪደገም ያለውን ርቀት) በመጠኑ ለጥጦ መቃኘት ግድ ነው። ረጅም ክር ባለው ትልቅ ፒያኖ ልጠጣው ትንሽ፣ በአጭር ፒያኖ ብዙ ነው። አዲስ ክር ስለሚሳብና ሰሌዳውም ጫናውን ስለሚለምድ አዲስ ፒያኖ ከወርክሾፕ ሳይወጣ ደጋግሞ ይቃኛል።

ቅኝት ድምፁ ትክክል መሆኑን ሲያረጋግጥ፣ ያማረ መሆኑን የሚያረጋግጠው ግን ድምፅ መግራት የሚባለው ሥራ ነው። የመዶሻው ራስ የታመቀ ሱፍ በእንጨት ላይ ተወጥሮ የተጣበቀበት ነው። ሱፉ ከጠነከረ ድምፁ ብርጭቆ እንደተመታ ይሰላል፤ ከላላ ደግሞ ይደነዝዛል። ገሪው እጀታ ላይ የተተከሉ ሦስት ያህል መርፌዎችን ይዞ የመዶሻውን ትከሻ ይወጋል። ትከሻው ሲላላ በውስጡ የታመቀው ውጥረት ይተነፍሳል፤ ድምፁም ይሰፋል። ጫፉን፣ ክሩን የሚመታውን ቦታ፣ በግዴለሽነት የወጋ ግን መዶሻውን ገደለው፤ የተወጋ ሱፍ አይመለስም። የተንሻፈፈ ቅርጽ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ገሪው አንድ ድምፅ ይመታል፣ ያዳምጣል፣ መዶሻውን አውጥቶ ሁለት ሦስቴ ይወጋል፣ መልሶ ይመታል። ከጎረቤቱ ድምፅ ጋር ያወዳድራል። አንድን የኮንሰርት ፒያኖ እንዲህ አድርጎ መጨረስ ቀናት ይወስዳል።

ትልቅ ፒያኖ ሠርቶ ለመጨረስ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል ሲባል ይሰማል። እውነት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው ግን እንጨትና ኮላ እስኪረጋጉ የሚጠበቅበት ጊዜ ነው።

ዛሬ በሥራ ላይ ያሉ

በጀርመን ባይሮይት የሚገኘው የሽታይንግሬበር ቤት ከቀደምቶቹ ይመደባል። መነሻው 1820 ነው፤ ኤድዋርድ ሽታይንግሬበር ወደ ባይሮይት የመጣው በ1852 ነው። ቤተሰቡ እስካሁን ድርጅቱን በእጁ ይዟል፤ ስድስት ትውልድ ተሻግሯል። በቤቱ የሮኮኮ አዳራሽ ፍራንዝ ሊስት የተጫወተበት ፒያኖ ቆሟል፤ ዛሬም ኮንሰርት ይቀርብበታል። ቫግነር ለፓርሲፋል ኦፔራው የቤተ ክርስቲያን ደወል ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ሲፈልግ ሠርቶ ያቀረበው ይኸው ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቤት በታሪኩ ላይ ተኝቶ መኖር ይችል ነበር። እርሱ ግን ከእንጨት ይልቅ በካርቦን ፋይበር የተሠራ የድምፅ ሰሌዳን ከሞከሩት ፈር ቀዳጆች አንዱ ሆኗል፤ እርጥበት ለማይነካው ለዚህ ሰሌዳ ሲባል የስፕሩስን ክብር ለክርክር አቅርቧል።

በጣልያን፣ በሳቺሌ ከተማ፣ ኢንጂነርና ፒያኒስት የሆነው ፓኦሎ ፋዚዮሊ በ1981 ድርጅቱን ሲመሠርት አዲስ የፒያኖ ስም በዓለም መድረክ ይቆማል ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነበር። ለድምፅ ሰሌዳው የሚጠቀመው ከቫል ዲ ፊዬሜ ደን የሚመጣ ቀይ ስፕሩስ ነው፤ የቫዮሊን ሠሪው ስትራዲቫሪም እንጨቱን ያመጣው ከዚያው ነው ይባላል። ኤፍ 308 የተባለው ሞዴል 3.08 ሜትር ይረዝማል፤ መዶሻዎቹን ወደ ክሮቹ በማቅረብ የድምፁን ጠባይ ሳይለውጥ መጠኑን የሚቀንስ አራተኛ ፔዳልም (የእግር መርገጫ) አለው። የ2021ዱ የዋርሶ ሾፓን ውድድር አሸናፊ ብሩስ ሊዩ የተጫወተው በፋዚዮሊ ነበር። በዚያው አገር ሉዊጂ ቦርጋቶ ከዚህም የሚረዝም፣ 3.33 ሜትር የሆነ ፒያኖ ሠርቷል።

ክሮችን የማሻገር ስልት የመጨረሻው ቃል ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ የቤልጂየሙ ክሪስ ማነ በአደባባይ አንሥቶታል። ፒያኒስቱና የኦርኬስትራ መሪው ዳንኤል ባሬንቦይም በ2011 ሲየና ውስጥ የሊስት የነበረና የታደሰ ፒያኖ ከተጫወተ በኋላ ክሮቹ ሳይሻገሩ ትይዩ ሆነው የተዘረጉበት ዘመናዊ ፒያኖ እንዲሠራለት ጠየቀ፤ መሣሪያው በ2015 ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ቀረበ። በወፍራም፣ በመካከለኛና በቀጭን ድምፆች መካከል ያለው የቀለም ልዩነት በትይዩ ክሮች ይበልጥ ይጎላል የሚሉ አሉ፤ ልዩነቱ ከክሮቹ አቅጣጫ የመጣ አይደለም የሚሉም አልጠፉም። በፈረንሳይ ስቴፋን ፖሌሎ ትይዩ ክሮች ያሉት ባለ 102 ቁልፍ ፒያኖ ሠርቷል።

የአውስትራሊያው ዌይን ስቱዋርት ከዚህም አልፎ ሄዷል። በእርሱ ፒያኖ ላይ ክሩ በብርኩማው ላይ በችንካሮች መካከል ተጣሞ አያልፍም፤ ልዩ የብረት ማያዣ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። በ2018 ዘጠኝ ሙሉ ኦክታቭ ያለው ባለ 108 ቁልፍ ፒያኖ አቅርቧል። ዴቪድ ክላቪንስ በ1987 ቁመቱ 3.70 ሜትር የሆነ፣ ተጫዋቹ በመሰላል ወጥቶ የሚቀመጥበት ቋሚ ፒያኖ ሠራ፤ በኋላ ደግሞ በተቃራኒው፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ክር ብቻ ያለው ስስ ፒያኖ አወጣ። በቼክ ሪፐብሊክ የሚሠራው ፖል ማክነልቲ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሞዛርትን፣ የቤትሆቨንንና የሾፓንን ዘመን ፒያኖዎች እንደ ጥንቱ አድርጎ ይሠራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የፒያኖ ቅርጽ አልቆለታል ማለት ይከብዳል።

«በእጅ የተሠራ» የሚለው ክርክር

ንግዱ ይህን ስያሜ እንደፈለገ ይጠቀምበታል። የብረት ክፈፉን ራሱ የሚያቀልጥ ወርክሾፕ እጅግ ብርቅ ነው። የመምቻ ስልቱ በብዛት የሚመጣው በ1882 ከተመሠረተው የጀርመኑ ሬነር ነው። ቁልፎችን በ1876 የተመሠረተው ክሉገ ያቀርባል፤ ሽቦውም ብዙ ጊዜ የሮዝላው ነው። ክሉገም ሬነርም ዛሬ በስታይንዌይ ባለቤትነት ሥር ስለሆኑ አንዳንድ አነስተኛ ቤቶች ከተፎካካሪያቸው ዕቃ እየገዙ ይሠራሉ ማለት ነው።

ይህን ይዘው ወርክሾፖቹን ዕቃ ገጣጣሚ የሚሏቸው አሉ። ትችቱ ሚዛን የጎደለው ነው። ዘመናዊ ማሽን ቁልፍን ከሰው እጅ ይልቅ እኩል አድርጎ ይቆርጣል፤ በዚህ የሚያፍር ሠሪ የለም። የመሣሪያው ጠባይ የሚወሰነው በሰሌዳው፣ በብርኩማው፣ በክሮቹ ርዝመት ንድፍና በመዶሻው አገራር ነው፤ እነዚህ በቤቱ ከተሠሩ ፒያኖው የቤቱ ነው። ይሁንና ሰሌዳውንም ተዘጋጅቶ የሚገዛ፣ ስሙን ብቻ የሚለጥፍ ነጋዴ መኖሩ አይካድም።

ጉብኝት

አብዛኞቹ ወርክሾፖች ጎብኚ የሚቀበሉት በቀጠሮ፣ በአነስተኛ ቡድን ነው። ጉብኝቱ ብዙ ጊዜ የሥራውን ቅደም ተከተል ይከተላል፤ ከእንጨት መጋዘን ይጀምርና የተጠናቀቁት ፒያኖዎች በቆሙበት አዳራሽ ያበቃል። መጋዘኑ የእንጨት ሽታና ጸጥታ ያለበት ነው፤ ቀጣዩ ክፍል የማሽን ጩኸት፣ የሚከተለው የኮላ ሽታ አለው። የሰሌዳው ክፍል በር ሁልጊዜ ይዘጋል፤ የእርጥበቱ ልክ በግድግዳው ላይ ይነበባልና ጎብኚ በሩን ከፍቶ መቆም የለበትም። ያልተቀባ ስፕሩስ በላብ እጅ አይነካም፤ ቅባቱ ቀለሙን ያበላሻል።

ድምፅ በሚገራበት ክፍል መናገር አይፈቀድም። ጎብኚው ደጃፍ ላይ ቆሞ አንድ ድምፅ አሥር ጊዜ ሲመታ ይሰማል፤ በሦስተኛውና በዘጠነኛው መካከል ያለውን ልዩነት ለመስማት ያልሠለጠነ ጆሮ ይቸገራል። በመጨረሻው አዳራሽ ግን ልዩነቱ ለማንም ይሰማል። ሁለት አንድ ዓይነት ሞዴሎች፣ በአንድ ሰሞን ከአንድ ቤት ወጥተው፣ አንዱ ይዘምራል፣ ሌላው ይናገራል። የኮንሰርት አዳራሾች ፒያኒስት ይዘው መጥተው ከብዙዎቹ አንዱን የሚያስመርጡት ለዚህ ነው።

ለጉብኝት የሚሄድ ሰው የድምፅ ሰሌዳውና ብርኩማው እዚያው ተሠርተው እንደሆነ፣ የብረት ክፈፉ ከየት እንደመጣ፣ መዶሻዎቹን የሚገራው ማን እንደሆነ ቢጠይቅ ከማስታወቂያ ወረቀቱ የበለጠ ያውቃል። በሥራው የሚኮራ ቤት ጥያቄዎቹን እየሠራ ይመልሳቸዋል፤ ብዙ ጊዜም ጠያቂውን ወደ ማዕዘኑ ወስዶ የተበላሸውን፣ ሊጥለው ያስቀመጠውን ብርኩማ ጭምር ያሳያል።